ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ በካሜራ ያዩዋት አዲስ አበባ፦ የአንድ መሐንዲስ ሕይወት ለከተማ ታሪክ ጥናት ያለው ፋይዳ

መግቢያ

የአዲስ አበባን ያለፈ መልክ ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ አስቀድሞ የሚያነሣው የተጻፈውን ነው፤ ዜና መዋዕሉን፣ የመንገደኞችን ማስታወሻ፣ የውል ሰነዱን። ቀጥሎ የአዛውንቶችን ቃል ይሰበስባል። ፎቶግራፍ ግን በአብዛኛው መጨረሻ ላይ ለገጽ ማስዋቢያ ይታከላል። የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ፎቶግራፎች ዛሬ በመጻሕፍት ሽፋን፣ በግድግዳ መቁጠሪያና በምግብ ቤት ግድግዳ ሳይቀር ይገኛሉ፤ ከሥራቸው ግን ማን እንዳነሣቸው፣ መቼና ከየት ቆሞ እንዳነሣቸው የሚገልጽ ቃል ብዙ ጊዜ አይታይም። እንዲህ ባለቤትና ዘመን አልባ ሆኖ የቀረ ፎቶግራፍ ይታያል እንጂ አይመሰክርም።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው በሀገራችን ሙሴ ኢልግ ተብለው የሚታወቁትን የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። ስማቸው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከምድር ባቡርና ከውጭ ጉዳይ አማካሪነት ጋር ተያይዞ ነው። ካሜራም ይዘው እንደ ነበርና ያነሧቸው ፎቶግራፎች የአዲስ አበባ የልጅነት መልክ ከቀረባቸው ዋና ስብስቦች አንዱ መሆናቸው ግን ብዙም አይወሳም። የጽሑፉ መከራከሪያ አጭር ነው፤ የፎቶግራፍ አንሺውን ሕይወት ሳያውቁ ፎቶግራፉን በትክክል ማንበብ አይቻልም።

ከፍራውንፌልድ ወደ አንኮበር

አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ በቱርጋው ግዛት በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ ምህንድስና ተምረዋል። ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአውሮፓን የእጅ ሥራና የመኪና ጥበብ የሚያውቁ ሰዎች ይፈልጉ ስለ ነበር፣ በኤደን በሚገኝ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል ባለሙያ እንዲላክላቸው ጠየቁ። ወጣቱ መሐንዲስ ከሁለት የሀገሩ ልጆች ጋር ጉዞ ጀመረ፤ በባሕሩ ዳርቻ ብዙ ወራት ከተጉላላ በኋላ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሰ።

ስለ መጀመሪያው ጊዜ በስፋት የሚነገር ታሪክ አለ። ንጉሡ መሐንዲሱን የፈተኑት በምህንድስና ሳይሆን በጫማ ሥራ ነበር ይባላል፤ ጫማው ተሠርቶ ሲቀርብ ደግሞ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። ታሪኩ በዝርዝሩ እውነት ይሁን አይሁን፣ የዘመኑን ሁኔታ በደንብ ይገልጻል። በምኒልክ ግቢ ባለሙያ ማለት የተጠየቀውን ሁሉ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ኢልግም አናጺ፣ ብረት ሠሪ፣ ድልድይ ገንቢ፣ አስተርጓሚና መልእክተኛ ሆኑ። አማርኛንም አጥርተው ለመዱ። በአዋሽ ወንዝ ላይ የሠሩት ድልድይ ከቀደምት ሥራዎቻቸው አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በዘመኑ ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ ከነበሩት አውሮፓውያን ብዙዎቹ ለጥቂት ወራት ሰንብተው የጉዞ መጽሐፍ ጽፈው የሚመለሱ ነበሩ። ኢልግ ግን አልፎ አልፎ ወደ አውሮፓ እየተመላለሱም ቢሆን ሩብ ምዕተ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ በዚህ ሀገር አሳልፈዋል። ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ሜዳ ግቢው ሲወርድ አብረው ወርደዋል። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው የሰየሟት ከተማ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በቦታው ከነበሩ ጥቂት የውጭ ሰዎች አንዱ ናቸው። ከተማዋን ያዩዋት እንደ መንገደኛ ሳይሆን እንደ ሠራተኛና እንደ ነዋሪ ነው።

ውሃ፣ ቴምብርና ባቡር

የኢልግን ስም በከተማው ሕዝብ ዘንድ ያስጠራው የውሃው ሥራ ሳይሆን አይቀርም። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ተዳፋት የሚወርደውን ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አስገቡ። ውሃ ቁልቁል ወርዶ ከሸለቆው ማዶ ሽቅብ መውጣቱ ለተመልካቹ ተአምር ሆኖ ታየ፤ አዝማሪዎችም ግጥም ገጠሙለት። ለመሐንዲሱ ግን ከምንጩ እስከ ግቢው ያለው የከፍታ ልዩነት የፈጠረው ግፊት ብቻ ነበር።

በዚያው በ1886 ዓ.ም. ሌሎች ሁለት ነገሮች ተከናወኑ። አንደኛው፣ ለኢትዮጵያ የፖስታ አገልግሎት የሚሆኑ ቴምብሮችና በንጉሠ ነገሥቱ መልክ የተመታው ገንዘብ በፓሪስ መዘጋጀታቸው ሲሆን ኢልግም በዚህ ተሳትፈዋል። ሁለተኛው የምድር ባቡር ውል ነው። ምኒልክ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከዚያም እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ የሚዘልቅ ሐዲድ እንዲዘረጋ ለኢልግ ፈቀዱ፤ ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሼፍኑም የሥራው ሸሪክ ሆነ። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በገንዘብ እጥረትና በፈረንሳይና በእንግሊዝ መንግሥታት ሽኩቻ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ቆመ።

ከአድዋ ድል በኋላ በ1889 ዓ.ም. ኢልግ የመንግሥት አማካሪ ሆነው ተሾሙ። የውጭ መልእክተኞች ተራ በተራ ወደ አዲስ አበባ ይመጡ በነበረበት በዚያ ዘመን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የሚደረገው ንግግር አብዛኛው በእሳቸው በኩል ያልፍ ነበር። በጦርነቱ ዋዜማ ያገቧት ፋኒ ጋቲከርም ከዙሪክ መጥታ በአዲስ አበባ ቤት መሠረተች፤ ልጆችም ወለዱ። ካሜራው የገባው በዚህ ሕይወት ውስጥ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፎቹ የሚያሳዩን ከተማውን ብቻ ሳይሆን ግቢው በር የተከፈተለት ሰው ምን ማየት ይችል እንደ ነበር ጭምር ነው።

መስታወት በበቅሎ ጀርባ

ኢልግ ኢትዮጵያ ሲደርሱ ፎቶግራፍ ለሀገሩ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር፤ የመስታወቱ ሰሌዳ በመድኃኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሣት፣ ወዲያውም መታጠብ ስለነበረበት ፎቶግራፍ አንሺው ጨለማ ድንኳን ይዞ መዞር ግድ ይለው ነበር። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው ደረቅ ሰሌዳ ይህን ለወጠው። ሰሌዳው ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ከተነሣ በኋላም ለቀናትና ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። የሐረር ነጋዴና ገጣሚ፣ በኋላም ከኢልግ ጋር ብዙ ደብዳቤ የተጻጻፈው አርተር ራምቦ በ1875 ዓ.ም. ካሜራ አስመጥቶ በሐረር ፎቶግራፍ ለማንሣት የሞከረውም በዚሁ ወቅት ነው።

ይሁንና መስታወት መስታወት ነው። ሰሌዳው ከባሕሩ ዳርቻ በግመል፣ ከዚያም በበቅሎ ተጭኖ ሳምንታት ተጉዞ አዲስ አበባ የሚደርሰው ሳይሰበር ከቀረ ነው። እያንዳንዱ ሰሌዳ ገንዘብ፣ ጊዜና ጭነት ያስወጣ ስለነበር ፎቶግራፍ አንሺው የሚያነሣውን መርጦ ያነሣ ነበር። ዛሬ አንድ ወጣት ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ብስራተ ገብርኤል በእግሩ ሲሄድ በስልኩ የሚያነሣው የፎቶግራፍ ብዛት በዚያ ዘመን ለአንድ ዓመት የሚበቃ ጭነት ይሆን ነበር። ስለዚህ በምኒልክ ዘመን ፎቶግራፍ ውስጥ የተገኘ ነገር ሁሉ ሰሌዳ ይገባዋል ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ያልተገኘውም ብዙውን ጊዜ አይገባውም ተብሎ የታለፈ ነው።

ፎቶግራፍን በዘመን መመደብ

ዘመኑ ያልተጻፈበትን የአዲስ አበባ ፎቶግራፍ ለመመደብ የከተማው አካል ራሱ መለኪያ ይሰጣል። ከነዚህ መለኪያዎች አራቱን ማንሣት ይበቃል።

የመጀመሪያው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የአካባቢው ጥድ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ ስላለቀ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ አስጀምረው ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር ስላቃለለ ከተማው በቦታው ጸና። እንግዲህ ኮረብታው ራቁቱን ሆኖ፣ ጎጆና ድንኳን ብቻ ተበትኖ የሚታይበት ፎቶግራፍ ከተማው መኖር አለመኖሩ ገና ካልተረጋገጠበት ጊዜ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የከተማችን መታወቂያ አድርገን የምንቆጥረው ዛፍ በዚያ ሥዕል ውስጥ አለመኖሩ በራሱ ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ጣሪያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመኳንንቱ ቤት ሳይቀር የሣር ክዳን ነበር። ቆርቆሮ ከባሕር ዳርቻ በጭነት እንስሳ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለነበር መጀመሪያ የታየው በቤተ መንግሥትና በታላላቆች ቤት ነው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የመንገዱ ግማሽ ስለቀለለ እየተስፋፋ ሄደ። ሦስተኛው የቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ነው። በ1884 ዓ.ም. ግቢው ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ሲሆን፣ ሦስት ጣሪያ ጎን ለጎን የተደፋበት ታላቁ የግብር አዳራሽ የተሠራው በ1890 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሩቅ ከተነሣ ፎቶግራፍ ላይ እንኳ በቀላሉ ይለያል።

አራተኛው መለኪያ የተሳሳተ ስም ለማረም ይጠቅማል። የዛሬው ስምንት ማዕዘን የአራዳ ጊዮርጊስ ሕንፃ የተጠናቀቀው በ1903 ዓ.ም. ነው። የአፄ ምኒልክ የፈረስ ላይ ሐውልት የቆመው በ1923 ዓ.ም. ሲሆን፣ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃም ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ተመርቋል። ኢልግ ከሀገሩ የወጡት በ1899 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ፣ ከነዚህ አንዱ ተሟልቶ የሚታይበት ፎቶግራፍ በእሳቸው ስም ቢሰራጭ ስሕተት መሆኑን ያለ ሌላ ማስረጃ ማወቅ ይቻላል። በተለይ ኢልግን ተከትሎ በግቢው ፎቶግራፍ አንሺነት ከታወቀው ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከልጆቹ ሥራ ጋር እንዳይቀላቀል ይህ ጥንቃቄ አስፈላጊ ነው።

ከሥዕሉ ውጭ የቀሩት

የአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ቦታ የሚያሳየውን ያህል ይጋርዳል። ኢልግ ካሜራቸውን ይዘው የቆሙት በግቢው አጠገብ፣ በገበያው፣ በሐዲዱ ሥራና በራሳቸው ቤት ዙሪያ ነው። በዚህ ምክንያት በስብስባቸው ውስጥ መኳንንቱ በየስማቸው፣ ሠራተኛውና ተሸካሚው ግን ያለ ስም ይታያል። በአዳራሹ በዓል ላይ የተገኘውን ሹም ለመለየት ሹመቱንና አለባበሱን ማወቅ ይበቃል፤ እንስራ አዝላ በጎዳናው የምታልፈው ሴት ግን ማን እንደ ነበረች የሚነግረን የለም።

ከዚህም የሚሰፋ ክፍተት አለ። ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት በዚህ ምድር ይኖሩ የነበሩት የቱለማ ኦሮሞዎች ናቸው፤ ፊንፊኔ፣ ጉለሌ፣ የካ የሚሉት ስሞች ዛሬም ይህንኑ ይናገራሉ። የከተማው ፎቶግራፍ የሚጀምረው ግን ከንጉሡ ሰፈር ነው። ካሜራው ሲደርስ ግቢው ቆሟል፤ ቀድሞ የነበረው አሰፋፈር ተለውጧል። ስለዚህ የኢልግን ፎቶግራፎች የአዲስ አበባ መጀመሪያ አድርጎ መውሰድ ለቦታው ታሪክ መጀመሪያ ከመስጠት ይልቅ አንድ ምዕራፍ መቁረጥ ይሆናል።

በደቡብና በደቡብ ምዕራብ የሚገኙት የዛሬዎቹ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮችም በዚያ ዘመን ከሰፈራው ክልል ውጭ የነበሩ የእርሻና የግጦሽ መሬቶች ናቸው። የብስራተ ገብርኤልን አካባቢ ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ሰው ከምኒልክ ዘመን ፎቶግራፍ ብዙ አያገኝም፤ በፎቶግራፍ ፋንታ የቦታ ስሞችን ማንበብ ይኖርበታል። ሳር ቤት የሚለው ስም የሣር ክዳንን ያስታውሳል። ንፋስ ስልክ ያለ ገመድ መልእክት የሚያስተላልፈውን የቴሌግራፍ ጣቢያ፣ ኦልድ ኤርፖርት ደግሞ ከቦሌ በፊት የነበረውን የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ያቆያሉ። ካሜራ ባልደረሰበት ቦታ ስም የፎቶግራፍን ሥራ ሠርቷል።

የመጨረሻ ዓመታት

ከ1890ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የኢልግ ተደማጭነት እየቀነሰ ሄደ። የባቡሩ ጉዳይ ከምህንድስና ወደ ፖለቲካ ተለወጠ፤ ኩባንያው ለፈረንሳይ መንግሥት የሰጠው መብት የኢትዮጵያን ነፃነት ይነካል ብለው ምኒልክ ተቆጡ። የውሉ ባለቤት የነበሩት ሰው በሁለት በኩል ተወጠሩ። አዳዲስ መልእክተኞችም በግቢው በዙ። ኢልግ በ1899 ዓ.ም. ገደማ አገልግሎታቸውን አቁመው በዙሪክ ኑሯቸውን አደረጉ። ወደ ኢትዮጵያም አልተመለሱም።

ያረፉት በታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. ነው። ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበረ በኢትዮጵያ የገና በዓል የተከበረው በዚሁ ዕለት ነበር። አፄ ምኒልክ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። ኢልግ የሕይወታቸውን ዋና ሥራ ያደረጉት ባቡር ግን አዲስ አበባ የገባው እሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። የከተማውን መልክ ከሁሉ ይበልጥ የለወጠውን ነገር አስጀማሪው ራሱ በካሜራው ሊይዘው አልቻለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የዙሪኩ ፕሮፌሰር ኮንራድ ኬለር የሕይወት ታሪካቸውን አሳተመ። ፎቶግራፎቹና ከኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው ዕቃዎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የብሔረሰቦች ጥናት ሙዚየም ይገኛሉ። በሀገር ውስጥ በሰፊው የታወቁት ግን ዘግይተው ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ጄራር በ1860 እና በ1928 ዓ.ም. መካከል የተነሡ ፎቶግራፎችን ሰብስበው ያሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያን የፎቶግራፍ ታሪክ ለአጠቃላይ አንባቢ በማቅረብ ትልቅ ድርሻ አለው።

ለዛሬው የጎዳና ፎቶግራፍ አንሺ

የከተማ ፎቶግራፍ ዋጋው የሚታወቀው ከተማው ሲፈርስ ነው። የፓሪስ አስተዳደር በ1850ዎቹ አሮጌዎቹን ጠባብ መንገዶች ከማፍረሱ በፊት ቻርልስ ማርቪልን ቀጥሮ አስነሥቷቸዋል። ከኢልግ ጋር በአንድ ዘመን የኖረው ዩጂን አትጄ ደግሞ በራሱ ተነሣሽነት የቀረውን አሮጌ ፓሪስ በር በበር፣ ሱቅ በሱቅ አንሥቶ ለቤተ መጻሕፍትና ለሙዚየም ይሸጥ ነበር። ሁለቱም የተለየ ጥበብ እያሳዩ ነው ተብሎ በዘመናቸው ብዙ አልተወራላቸውም። ሥራቸውን ምስክር ያደረገው ቦታውን እየጻፉ በሥርዓት መሥራታቸው ነው።

አዲስ አበባም እንዲህ ያለ ጊዜ ላይ ናት። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ፣ ብዙ ሰዎች በስልካቸውና በቤተሰብ አልበማቸው የነበረውን የሰፈሩን ፎቶግራፍ እየፈለጉ አወጡ። ፎቶግራፉ ብዙ ነው፤ ከብዛቱ የተነሣ ግን የትኛው ቤት የትኛው መንገድ ላይ እንደ ነበር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለይቶ የሚናገር ሰው ላይገኝ ይችላል። በኢልግ ዘመን ችግሩ የሰሌዳ እጥረት ነበር፤ በእኛ ዘመን የመግለጫ እጥረት ነው።

ከኢልግ ሕይወትና ሥራ በመነሣት ሦስት ነገሮችን መጠቆም ይቻላል። አንደኛ፣ የጎዳና ፎቶግራፍ አንሺ ቀኑን፣ የቆመበትን ቦታና ካሜራው የዞረበትን አቅጣጫ ሊጽፍ ይገባል፤ ሰዎችንም በፈቃዳቸው በስማቸው ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ የጥንቱን ፎቶግራፍ ይዞ በቦታው መቆም የጥናት ዘዴ ሊሆን ይችላል፤ የእንጦጦ ሸንተረርና የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ቦታቸውን ስላልለቀቁ የጥንቱን መቆሚያ ለማግኘት ይረዳሉ። ሦስተኛ፣ ካሜራው ከመሐል ከተማ መውጣት አለበት። ብስራተ ገብርኤል፣ መካኒሳና ላፍቶ ዛሬ በፍጥነት እየተለወጡ ነው። ዛሬ ተነሥተው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ካልተቀመጡ፣ የነገው ተመራማሪ ስለነሱም የሚያነበው ስማቸውን ብቻ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ሙሴ ኢልግ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ፎቶግራፍ ለማንሣት አልነበረም። ሥራቸው ውሃና ሐዲድ፣ ውልና ደብዳቤ ነበር። ይሁን እንጂ የውሃው ቧንቧ ተተክቷል፤ የዘረጉት ሐዲድም አገልግሎቱን ጨርሶ በሌላ ተለውጧል። መስታወቱ ግን አልተሰበረም። በላዩ ላይ የቀረው ከተማ ሙሉ አይደለም፤ ከግቢው በር የታየ፣ በመራጭ ዓይን የተለካ ነው። ይህን አውቆ የሚያነበው ተመራማሪ ከሚታየው ያህል ከማይታየውም ይማራል፤ በየጎዳናው ካሜራ ይዞ የሚዞረውም ወጣት ከቆመበት ቦታ የማይታየው ምን እንደሆነ ራሱን መጠየቅ ይጀምራል።